ጀርባዬ ላይ የነበረው ድርብ ሰረዝ

እትዬ አሰገደች ልጅ ሳለሁ ጀርባዬ ላይ ጻፈችብኝ። ማንበብ እንደማልችል ታውቃለች። ምን እንደጻፈች ግን አልነገረችኝም። ሰፈሩ በሙሉ አነበበኝ፤ እኔ ብቻ ሳላነበው ለብሼው ዞርኩ። የተጻፈው «እናት የለኝም፤ አትምቱኝ።» የሚል ነበር። በደሉ ይኸው ነው።

ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው፤ ግን ተኝቶልኝ ነበር። የቀሰቀሰው ሽታ ነው። ባለፈው ክረምት ከላፍቶ ወደ መካኒሳ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበ፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አራተኛ ሰው አለ» እያለ ሲያጨናንቀን፣ ከፊቴ አንድ ተማሪ ልጅ ተቀመጠ። ሹራቡ በስብሷል። የረጠበ ሹራብ ሽታ ታውቁታላችሁ፤ በግ በግ ይላል፣ ትንሽ ሳሙና፣ ትንሽ የማገዶ ጭስ አለበት። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንደገባ ጀርባዬ መሀል፣ እጄ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ አንድ ነገር አሳከከኝ። የልጁ ጀርባ ላይ በቢጫ ክር የተጠለፈ ጽሑፍ አለ። ከመቀመጫዬ ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። የትምህርት ቤቱ ስም ነው። እፎይ አልኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ምን ሆነ ብላ አየችኝ። ይህን ለማን አስረዳለሁ?

እናቴ ስትሞት አጎቴ ከሰላሌ አምጥቶ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ ለምትኖር አክስቴ አስረከበኝ። አክስቴ ጠላ ትሸጣለች። ውኃ ከቦኖ የምቀዳው፣ ጌሾና ብቅል ወፍጮ ቤት የምወስደው፣ እንስራ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ልጅ አልነበርኩም፤ ሁለት እግር ያለው ጋሪ ነበርኩ። የምማርበት መስከረም ሁልጊዜ የሚመጣው መስከረም ነበር። ደግሞ እመታለሁ። አክስቴ በማማሰያ፣ ቦኖ ላይ ያሉ ሴቶች ወረፋ ነጠቅህ ብለው በኩርኩም፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዱቄት ደፋህ ብሎ በጥፊ፣ የሰፈር ልጆች ደግሞ ያለ ምክንያት። የተመታሁት ክፉ ልጅ ስለነበርኩ አይደለም። «ለምን ነካችሁት?» ብሎ የሚመጣ ሰው እንደሌለኝ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

ያልተመታሁበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የእትዬ አሰገደች። ግቢያችን በቆርቆሮ አጥር ይገናኛል፣ ቆርቆሮው ላይ እኔ የማልፍበት ቀዳዳ አለ። ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ ሜትር የሚያንጠለጥል፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምታወራ ሴት። ባሏ ትቷት ሄዷል፤ አንዲት ሕፃን ልጅ አለቻት። ቤቷ ሲገቡ የአዲስ አቡጀዲ፣ የላምባና የናፍታሊን ሽታ አንድ ላይ ይቀበላል። ግድግዳው ላይ የናሙና ጨርቆች ተሰቅለዋል፤ ፒኮክ፣ የወይን ዘለላ፣ ሁለት እርግቦች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጽሑፉ ነበር።

ያ ጊዜ ሰው ባዶ ጨርቅ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። የሶፋ መደገፊያው፣ የሬዲዮው ልብስ፣ የትራሱ ጨርቅ፣ ሁሉም የሚናገረው ነገር ይፈለግለታል። ሰዎች ቃላቸውን በራሳቸው ፈጥረው፣ ግጥም አድርገው፣ ሰምና ወርቅ ያለው አስመስለው ይመጣሉ፤ እሷም ታርምላቸዋለች፤ ትስቅባቸዋለች፤ ከዚያ ትጠልፈዋለች። ቃል ከቃል የምትለየው በሁለት ነጥብ ነበር። ክሩን መርፌው ላይ ጠምጥማ፣ ጎትታ፣ ትንሽ ጠንካራ ቋጠሮ ታደርገዋለች፤ ከሥሩ ሌላ ቋጠሮ። ጨርቁን በመዳፍ ሲዳብሱት ፊደሉ ይለሰልሳል፣ ነጥቡ ይቆረቁራል። እኔ ፊደል ሳላውቅ ነጥብ አወቅሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ መርፌዋ ላይ ክር እሰካላታለሁ፤ ጨርቁን በጣቴ እየዳበስኩ «ይኼ ነጠላ ሰረዝ ነው፣ ይኼ ድርብ ነው፣ ይኼ አራት ነጥብ» እላታለሁ፤ ትስቃለች። «አንተ ልጅ ቤቱን ሳታውቅ አጥሩን አወቅህ» ትለኛለች።

በነጥብ የተነሳ ያ ቤት ስንት ጠብ አይቷል! ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ሁለት ነጥብ ሞቷል ባይ ነበር።

«አሰገደች፣ ቦታ ክፈቺና እለፊ። ጋዜጣው እንኳ ትቶታል።»

«ጋዜጣው ቀለም ቸግሮት ይሆናል። እኔ ክር አለኝ።»

«ዓይን ያደክማል እኮ!»

«ጎረቤትና ጎረቤት ያለ አጥር ይኖራል ጋሼ? እኔና አንተ መሀል ያለው ቆርቆሮ ይነሳ?»

ጋሽ በቀለ «ይነሳ» ለማለት ያስብና ሚስቱን አስታውሶ ይተወዋል።

አንድ ቀን ደግሞ የሹፌሩ የዓለማየሁ ሚስት ለባሏ ትራስ አሠራች። ስሙን መሀል ላይ በነጥብ ለያይታ «ዓለም፡አየሁ» አስባለችው። አንዱ የባሏን ስም ያነባል፣ ሌላው ባገባሁት ዓለም አየሁ ማለቷን ያነባል፤ ሁለቱም ትክክል ነው። ሰውየው ግን ትራሱን በብብቱ ሸጉጦ እየጮኸ መጣ።

«ስሜን ለሁለት ሰነጠቅሽው! ይኼ ነጥብ ይነሳልኝ!»

እትዬ አሰገደች መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ «አነሳዋለሁ፣ ችግር የለም» አለችው። «ነጥቡ ከተነሳ ግን ሚስትህ ምንም አላየችም ማለት ነው። ለሰፈሩ ንገር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዓለማየሁም እየሳቀ ትራሱን ይዞ ተመለሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀልዱ ስለገባኝ አይደለም፤ እዚያ ቤት ሲሳቅ እኔ ላይ ስለማይሳቅ ነው።

እንዲህ ነበር የሚመስለኝ።

ሐምሌ ላይ ነው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በጥፊ ሲለኝ ከበሩ ጫፍ ጋር ተጋጭቼ ቅንድቤ ተሰነጠቀ። በቀዳዳው ሾልኬ እሷ ቤት ገባሁ። ደሙን በጨው ውኃ አጠበችልኝ፣ በንጹሕ አቡጀዲ አሰረችልኝ፤ ከዚያ ከሣጥን ውስጥ ከቦንዳ የገዛችውን አንድ ሰማያዊ ሹራብ አወጣች። ሰፊ ነው፤ እጅጌው መዳፌን ይውጠዋል። ጀርባውን ክቡ እንጨት ላይ ወጥራ ቢጫ ክር አስገባች። እኔ ኩርሲ ላይ ተቀምጬ፣ ዝናቡን እየሰማሁ፣ ስትጠልፍ አየኋት። የዚያን ቀን አልቀለደችም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብላ ሁለቱን ቋጠሮዎች አየችና፣ ከላይም ከታችም ሰረዝ ጨመረችባቸው።

«ስሜ ነው?» አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ላንተ የሚሆን ነው።»

ስሜ ነው ማለቷ ነው ብዬ ወሰድኩት። ደምሴ። ጀርባዬ ላይ በወርቅ ቀለም ደምሴ ተብሎ ተጻፈልኝ! ያን ሌሊት ሹራቡን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ዓለም ተለወጠ። ቦኖ ላይ ስደርስ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና «ይቅዳ፣ ይቅዳ፣ ልጁን አስቀድሙት» አሉ። አንዷ እንስራዬን አሸከመችኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እህሉን ተቀብሎ ፊቱን አዞረ፤ ዱቄቱን ራሱ አሰረልኝ። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሴትዮ ጠርተው ግማሽ ዳቦ ሰጡኝ። የሰፈር ልጆች ከሩቅ እያዩ ይንሾካሾካሉ፣ አይጠጉኝም። እኔ ምን መሰለኝ? ያማርኩ መሰለኝ። ስም ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው ብዬ አሰብኩ። ትከሻዬን ነፋ አድርጌ እሄድ ጀመር። ሰው ሲመጣ ጀርባዬን እንዲያይልኝ ዞር እላለሁ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም፣ ሽበት አውጥቼ፣ ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት ፊቴ ይግላል። ተመትቼ አላፈርኩም። ዞር ማለቴ ነው የሚያሳፍረኝ።

የከድር ሱቅ በር ላይ ጋሽ በቀለ ስኳር ሊገዛ ቆሞ አገኘኝ።

«አንተ፣ ዙር እስቲ» አለኝ።

በደስታ ዞርኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጣቱን አከርካሪዬ ላይ አሳረፈ። በልቡ ነው ያነበበው፤ ጨዋ ሰው ነበር።

«ይኸው! አሁንም ድርብ ሰረዝ! እዚህ ቦታ ነጠላ ይበቃ ነበር።»

ባለሱቁ ከድር ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ወጣ ብሎ አየኝ። እሱም በልቡ አነበበ። «የለም ጋሼ። አራት ነጥብ ነው የሚገባው። የፊተኛው ነገር አለቀ፤ የኋለኛው ሌላ ጉዳይ ነው።»

«እንዴት ሌላ ጉዳይ ይሆናል? በፊተኛው ምክንያት የመጣ አይደለም እንዴ?»

«ምክንያትማ አይሆንም። ታዲያ ያለውስ ልጅ ይ…» አለና አፉን ያዘ።

«ጨርሰው።»

«ተወኝ እስቲ ጋሼ፤ ልጁ ቆሟል።»

«ቢቆምስ? ስለ ሰረዝ ነው የማወራው!»

ዳቦ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት ገባችበትና እሷም ጣቷን ጀርባዬ ላይ አደረገች፤ ነጥቡ እንዲህ ይደረግ፣ የለም እንዲያ ይደረግ። ሦስት ጣት ጀርባዬ ላይ ተከራከረ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜላቸዋለሁ፤ ስሜን እያደነቁ ነው። ሲጨርሱ ከድር ከረሜላ ሰጠኝ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን ስለ ሰረዙ እስኪቆጡ ድረስ ተከራከሩ፤ ስለ ልጁ ቃል የተነፈሰ የለም። «ምን እንደተጻፈብህ ታውቃለህ?» ብሎ ለመጠየቅ ስንት ቃል ይፈጃል?

የነገረኝ ጌቱ ነው። ነሐሴ ላይ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወደታች ባለው ሜዳ የጨርቅ ኳስ እንጫወታለን፤ ሹራቡን ከለበስኩ ወዲህ ያስገቡኛል። ኳሱን ስቼ የጌቱን ቅልጥም መታሁት። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ጡጫውን ጨብጦ መጣብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ስገልጥ እጁ አየር ላይ ቆሟል፤ ሌላው ልጅ ክንዱን ይዞታል።

«ተወው ባክህ! ተጽፎበት የለ እንዴ!»

«ምን ተጽፎብኛል?» አልኩ። «ስሜ ነው የተጻፈው።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ አፍኖት የነበረው ሳቅ አመለጠው። ጌቱ ቅልጥሙን እያሸ፣ እንደ ምንባብ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ፣ በጀርባዬ በኩል ዞሮ አነበበልኝ።

«እናት… የለኝም… አትምቱኝ።»

መጀመሪያ አላመንኩም። «ውሸታም!» አልኩት። ሌላውን ጠየቅሁ፤ ያንኑ አነበበ። ሦስተኛውን ጠየቅሁ። አንዱም አልሳተም። ቦኖው፣ ዳቦው፣ ከረሜላው፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ የዞረ ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣብኝ። አላከበሩኝም። አንብበውኝ ነው።

«ምታኝ» አልኩት ጌቱን።

ወደኋላ ሸሸ።

«ምታኝ እኮ ነው የምልህ! እኔ መትቼሃለሁ፣ ምታኝ!» ደረቱን ገፋሁት። አልመታኝም። ሁሉንም እየዞርኩ ገፋሁ፣ ለመንኩ፤ አንድም የሚመታኝ ጠፋ። ከዚያ አንዱ «አትምቱኝ!» ብሎ ጮኸ፣ ሌላውም ተቀበለው፣ እያጨበጨቡ መዝፈን ያዙ። ሹራቡን በራሴ ላይ ጎትቼ አወለቅሁት፤ በዝናብ ራቁት ደረቴን ሮጬ ከድልድዩ ላይ ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። ቤት ስደርስ አክስቴ ሹራብ ጣልክ ብላ በማማሰያ አነደደችኝ። በዕድሜዬ ደስ ብሎኝ የተመታሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ በቀዳዳው አጮለቅሁ። እትዬ አሰገደች ጋ ሁለት ደንበኞች አሉ፤ ስለ አንድ የሬዲዮ ልብስ ይሳሳቃሉ። በሩ ላይ ቆምኩ። ልጠይቃት ነበር የመጣሁት። ለምን አልነገርሽኝም ልላት።

«ሹራብህስ?» አለችኝ።

«ጠፋ።»

«አይዞህ፣ ሌላ እሠራልሃለሁ። የዚያኛው ሰረዝ ደግሞ ጋሽ በቀለን አላስደሰተውም፤ የሚመጣውን በነጠላ አደርገዋለሁ።»

ደንበኞቿ ሳቁ። እሷም ሳቀች። በክፋት አልነበረም። ዞሬ ሄድኩ፤ በዚያ ቀዳዳ ዳግመኛ አላለፍኩም።

ያን መስከረም እትዬ አሰገደች አክስቴን ለምና አሳምና ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ነበር። እጄን ይዛ ልትወስደኝ ስትመጣ አቦ ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር ተደብቄ ዋልኩ። ምዝገባው እስኪያልፍ እንደዚያው አደረግሁ። ፊደል ማለት ሌላ ሰው አንተ ላይ የሚጽፈው፣ ሌላ ሰው አንተ ላይ የሚያነበው ነገር መሰለኝ። እኔ በዚያ ነገር ውስጥ ቦታ የለኝም አልኩ። ወንድ ልጅ በእልኹ ራሱን ብቻ ነው የሚጎዳው፤ ይህን ግን ያኔ ማን ይነግረኛል?

ቧንቧ ሠራተኛ ሆንኩ። ብረት አያነብም፣ ውኃም አይጽፍም። ቢሮ ስገባ «መነጽሬን ረስቼ ነው፣ አንብቡልኝ» እላለሁ፤ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። በአውራ ጣቴ ስፈርም ቀለሙን ሱሪዬ ላይ እጠርግና እጄን ኪሴ ውስጥ እደብቃለሁ። ስልክ ሲመጣ ባሰ። ደንበኛ ቤቱን በመልእክት ይልክልኛል፤ እኔ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው አስነብባለሁ። አንድ ቀን ያስነበብኩት ልጅ አንብቦ ፈገግ አለና ስልኩን መለሰልኝ። «ምን ይላል?» ብለው «ምንም አይደል ፋዘር፣ ሀና ማርያም ና ነው የሚልህ» አለኝ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ሌላም ነገር ነበረው። ምን እንደነበረ ግን እስከዛሬ አላወቅሁም።

ያኔ ነው ለልጄ ለሊያ «አስተምሪኝ» ያልኳት። አንደኛ ክፍል ነበረች። እራት ከበላን በኋላ ሰሐኑ ሳይነሳ፣ ማስመሪያዋን ይዛ እንደ አስተማሪዋ እየተቆጣች፣ ፊደል አስቆጠረችኝ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ደብዳቤ አይደለም፣ ስሜም አይደለም፤ መጀመሪያ በራሴ እጅ የጻፍኩት «እናት የለኝም» ነው። ሊያ አየችኝና «አባ፣ ይኼን ማን ነገረህ?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት።

አሁን እሷ ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ እኔም መልእክት እጽፋለሁ። በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ፤ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ እመታለሁ። ትስቅብኛለች።

«አባ፣ አራት ነጥብ ስታደርግ የተቆጣህ ነው የሚመስለው።»

«ጨረስኩ ማለት ነው።»

«"እሺ" ብለህ አራት ነጥብ? ጓደኞቼ አይተው "ፋዘርሽ ተናዶብሻል" ነው ያሉኝ።»

«ጓደኞችሽ መልእክቴን ምን ያነባሉ?» ብዬ ጮኽኩ። ደነገጠች። የጮኽኩት በሷ አልነበረም። ሁለት ነጥቡን ከማን እንደተማርኩ ሳስብ ልተወው እላለሁ፤ ጣቴ ግን ልማዱን አልተወም። የቋጠሮው ቁርቁርታ ከእናቴ ፊት ይልቅ ይታወሰኛል። ይህም ራሱ ያሳፍረኛል።

ከታክሲው ከወረድኩ በኋላ ነው ፍለጋ የጀመርኩት። የድሮው ግቢ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ጋሽ በቀለ ሞቷል። አንድ የሰፈሩ ነባር ሰው ከሩቅ አይቶኝ «አትምቱኝ! አለህ እንዴ?» ብሎ አቀፈኝ፤ ያ ቅጽል ስም እስከዛሬ አልለቀቀኝም። እትዬ አሰገደች በሕይወት አለች፣ ፉሪ ልጇ ቤት ነው ያለችው አለኝ። ክረምቱ አለፈ። መስቀልም አለፈ። በመጨረሻ የጥቅምት አቦ ዕለት፣ ለንግሥ የሚወጣውን ሕዝብ እየገፋሁ በተቃራኒው መንገድ ሄድኩ። ብርቱካን ገዛሁ። ምን እንደምላት ለዘመናት የተዘጋጀሁበት ነው፤ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ።

በር የከፈተችልኝ ልጇ ናት። ያኔ የምትድኸው ሕፃን፣ ዛሬ የደከማት ሴት። «የድሮ ጎረቤት ነኝ» አልኳት። «ግባ፣ ደስ ይላታል። አንድ ነገር ልግዛና መጣሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እትዬ አሰገደች አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ያ ቁመት የት ገባ? ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። ጣቶቿ የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዳብሳሉ፣ ያቆማሉ፣ ይዳብሳሉ። ከራስጌዋ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ። ሳልፈልግ አነበብኩት። አሁን የማነብ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ አይታዘዘኝም።

«ማነው?» አለች።

«ደምሴ ነኝ። የጠላ ሻጯ የወይዘሮ በላይነሽ እህት ልጅ።»

«ደምሴ… የፖስታ ቤቱ ደምሴ?»

«አይደለሁም። መርፌ ላይ ክር የምሰካልሽ።»

ጣቶቿ ቆሙ። «ቤቱን ሳያውቅ አጥሩን ያወቀው» አለች። ከዚያ ስለ ባሏ ጠየቀችኝ፤ ከሥራ ተመልሶ እንደሆነ። ስለ ጋሽ በቀለ ጠየቀችኝ፤ ዛሬ ለምን ሳይጨቃጨቃት ዋለ? እኔ የተዘጋጀሁበት ንግግር አፌ ውስጥ ደረቀ። ለማን ነው የምናገረው?

ብርቱካን ልጬ ሰጠኋት። እየበላች በድንገት «እዚህ ከራሴ በላይ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምን?»

«የሚገባ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኝና ቀና ብሎ ዝም ይላል። ይሰማኛል። አንተም ዝም ብለሃል። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ለሕፃን እንደሚያወሩ ያወሩኛል። ልጄን ስጠይቃት ሥዕል ነው ትለኛለች። ሥዕል ነው?»

እውነቱን ልናገር። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር «እንኳን!» አለ። «ሥዕል ነው እትዬ» ብዬ ብወጣ እኩል እንሆን ነበር። ያ ደስታ ለብሼው ከዞርኩት ሹራብ ይበልጥ አሳፈረኝ።

«ሥዕል አይደለም» አልኳት። «ጽሑፍ ነው።»

«አንብብልኝ።»

ተነስቼ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። «"እናታችን ትረሳለች የምትለውን አትመኑ" ይላል።»

የብርቱካኗን ፍሬ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠች። ውጭ የንግሡ እልልታ ከሩቅ ይሰማል።

«ነጥብ አለው?» አለች።

«የለውም እትዬ። ቦታ ከፍታ ነው የጻፈችው።»

«ድርብ ሰረዝስ? "ትረሳለች" ካለች በኋላ?»

«እሱም የለም።»

«አይ የዛሬ ልጆች» አለች። «ጎረቤት ሲመጣ ምሳ አልሰጡኝም ብዬ ነው አሉ። በልቼ ረስቼው ይሆናል። እውነቷን ነው፣ እረሳለሁ። ለኔ ብላ ነው። ለምን ግን ለኔ አልነገረችኝም? ሰው ሁሉ አንብቦኝ ሲወጣ እኔ እየሳቅሁ "ተጫወቱ" እላለሁ!»

ያለችውን ራሷ ሰማችው። ፊቷ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ፤ የማያየው ዓይኗ ትከሻዬ አካባቢ አረፈ።

«ሰማያዊ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ሹራቡ ጠፋ ያልከኝ አልጠፋም ነበር።»

«ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።»

እጇን ዘርግታ ፈለገችኝ። ጎንበስ አልኩላት። በመዳፏ ጀርባዬን፣ ያንኑ ቦታ፣ በኮቱ ላይ ዳበሰችው፤ የሆነ የሚቆረቁር ነገር የምትፈልግ ይመስል።

«እንዳይመቱህ ብዬ ነበር። ልነግርህ ግን ይገባኝ ነበር። በድዬሃለሁ ደምሴ።»

ወረቀቱን አየሁ። «ላንሳው?» አልኳት።

«ተወው። አሁን እኔም አውቄዋለሁ።»

ልጇ ዳቦ ይዛ ስትመለስ እትዬ አሰገደች እንደገና የፖስታ ቤቱ ደምሴ እያለች ትጠራኝ ነበር። በልጅነቴ የማውቃት ያች ረጅም ሴት በሕይወቴ የተወችልኝ ብዙ ነው፤ ነጥቡን፣ ስሙን፣ እልኹን፣ ያልተማርኩባቸውን ዓመታት። ከሁሉ የማስቀምጠው ግን ያን አንድ ቃል፣ «በድዬሃለሁ» ያለችኝን ነው። ወረቀቱ የምትለውን አትመኑ ይላል። እኔ አመንኳት። ጥቅምት አምስት ቀን፣ የአቦ ዕለት።